የድንቹ ሰውዬ አረማመድ

ወንድሜን «አርቲስቱ» እያልኩ የምጠራው እኔ ብቻ ነኝ። ለክብሩ እንዳልሆነ እሱም ያውቃል። እሱ በበኩሉ እኔን «መርፌ» ይለኛል። ልብስ ሰፊ ስለሆነች ነው እያለ ለሰው ያስረዳል እንጂ ምላሴን ማለቱ እንደሆነ የማይገባው የለም።

ልጁ የተበላሸው ገና በሕፃንነቱ ነው። አንድ ቀን ሳሎን ግድግዳ ላይ በከሰል ፈረስ ሣለ። እናቴ ጆሮውን ቆንጥጣ ግድግዳውን በማስጠረግ ፈንታ ጎረቤት ጠርታ አሳየች። «እጁን ይባርከው!» ተባለ። ፈረሱ እግር አልነበረውም። ከሆዱ በታች ያለው ሁሉ ሣር ነው፤ ረጅም፣ ጥቅጥቅ ያለ ሣር። ቀጥሎ የመጣችው ላምም ሣር ውስጥ ቆመች። አጎታችንም ሣር ውስጥ ቆመ። አጎቴ «እኔ ደግሞ ምን ልሠራ ነው እዚህ ሣር ውስጥ የገባሁት?» ብሎ ሲጠይቅ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ነገሩ የገባኝ እኔ ብቻ ነኝ። ልጁ እግር መሣል አይችልም። እግር ከባድ ነው፣ ሣር ቀላል ነው። ወንድሜ ከዚያን ቀን ጀምሮ ከባድ ነገር በመጣበት ቁጥር ሣር ሲፈልግ ነው የኖረው።

ዩኒቨርሲቲ ሲገባ እናቴ ሒሳብ ሥራ እንዲማርላት ፈለገች። እሱ ግን ኮምፒውተር ግራፊክስና አኒሜሽን ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አለ። አባዬ እንደ ልማዱ «የሚወደውን ይማር» ብሎ ፈረደለት። አባዬ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ዕድሜውን የጨረሰው በግራ እግሩ ፍሪሲዮን፣ በቀኝ እግሩ ፍሬን እየረገጠ ነው። የትምህርቱን ስም እንደ ጸሎት በቃሉ ከያዘ በኋላ ከጀርባው ለሚቀመጡት ደንበኞቹ ሁሉ ይነግር ጀመር። «ልጄ አኒሜሽን ነው የሚያጠናው» ሲል መሪውን ለቆ በእጁ የሚንቀሳቀስ ነገር ያሳያል አሉ። ተሳፋሪው አንድዬን የሚለምነው እንደዚያ ጊዜ ነው።

የመጀመሪያው ዓመት ያለቀው በኳስ ነው። ከትምህርት ሲመለስ አባዬ በጉጉት «ዛሬስ ምን ተማራችሁ?» ይለዋል።

«ኳስ ማንጠር።»

«ትናንትናስ?»

«ኳስ ማንጠር ነበር። ዛሬ የብረት ኳስ ነው።»

አባዬ ትንሽ አሰበና «እኔ እኮ መንገድ ላይ ኳስ ስታነጥር ስንት ቀን ጡሩምባ ነፍቼ አባርሬሃለሁ። ለካ ትምህርት ላይ ነበርክ» አለው። አርቲስቱ ተቆጣ። ኳሱ ዋናው አይደለም፤ ዋናው ክብደቱ ነው አለ። ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ ክብደት የለውም፤ የጎማው ኳስ መሬት ሲነካ ጠፍጠፍ፣ ሲነሣ ደግሞ ቀጠን ማለት አለበት፤ ያን ጊዜ ነው ዓይን የሚያምነው። ይህን የሚያስረዳው በሁለት እጁ አየር እየጨመቀ ነው። በዚያ ሰዓት እናቴ የእህል ጆንያ ብቻዋን ከደጅ ወደ ጓዳ እየጎተተች ነበር። ክብደት ዓይናችን ፊት እየተጎተተ ሲያልፍ፣ ስለ ክብደት የሚያስተምረን ልጅ እግሩን ሰብስቦ አሳለፋት።

ሁለተኛው ዓመት የወንበር ዓመት ነበር። በስክሪኑ ላይ አንዲት ወንበር ሠራ። እግሮቿ የተጠረቡ፣ ቆዳዋ የሚያብረቀርቅ፣ በመስኮት የሚገባው ብርሃን ትከሻዋ ላይ የሚያርፍ። ዙሪያዋን እየዞረ ያሳየናል። እውነቱን ለመናገር ታምራለች። ይህን ሁሉ ስንመለከት እናቴ የተቀመጠችበት ወንበር አንድ እግሩ የተነቃነቀና በካርቶን የተደገፈ ነበር። ሚስማርና መዶሻ አምጥቶ እንዲመታላት ስንት ጊዜ ነግሬዋለሁ። «የእንጨት ሥራ አልችልም» አለኝ፤ ስክሪኑ ላይ ያለው እንጨት መሆኑን ረስቶት። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ይሉ የለ?

የትምህርት ቤት ጓደኞቹንም አውቃቸዋለሁ። አንዳንዴ መጥተው ሳሎናችንን ይሞሉታል። ሁሉም አንገታቸው ላይ የጆሮ ማዳመጫ አንጠልጥለዋል፤ የሚያዳምጡት ግን የለም። «ቪዥን» ይላሉ፣ «ስታይል» ይላሉ፣ አንዱ የሌላውን ሥራ «ነፍስ የለውም» ይላል። እናቴ ሻይ ስታቀርብላቸው ቀና ብሎ ያያት አንድም አልነበረም። የሚያስተምራቸው ሰው ደግሞ በበጋም በክረምትም ከአንገቱ ሻርፕ የማይለየው መምህር ነው። ባለሻርፑ የሚያውቀው አንድ ቃል ብቻ ይመስለኛል። «ማየት ተማሩ!» ይላቸዋል። «ታያላችሁ እንጂ አታስተውሉም!» አርቲስቱ ይህችን ቃል ይዞ መጥቶ ቤት ውስጥ እኛ ላይ ይሰብክባት ነበር። እኔ ቀኑን ሙሉ የሰው ወገብና ትከሻ ስለካ የምውለውን «አንቺ እኮ አታስተውይም» ይለኛል።

በሦስተኛው ዓመት የፈሩት መጣ። ሰው ማስኬድ ነው። የአኒሜሽን ትምህርት ጫፉ እሱ ነው አሉ፤ አንድ ሰው አቁመህ ከዚህ እዚያ ድረስ በእግሩ እንዲሄድ ማድረግ። አርቲስቱ የሠራቸው ሰዎች ሁሉ ይንሸራተታሉ። እግራቸው ወደፊት ይዘረጋል፣ ገላቸው ግን ሳሙና እንደረገጠ ሰው በራሱ መንገድ ይሄዳል። ወራት ታገለ። ከዚያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ጭጋግ አመጣ። የመመረቂያ ፊልሙን ከዳር እስከ ዳር በጭጋግ ሸፈነው። ሰዎቹ ከወገብ በላይ ብቻ ብቅ ብለው እንደ ጀልባ ይንሳፈፋሉ። ስሙን «ትዝታ በጭጋግ» አለው። እኔ ሳየው «ሣሩ አደገ!» ብዬ ሳቅኩ። ለአንድ ሳምንት አኮረፈኝ።

ባለሻርፑም፣ ዕድሜ ይስጠውና፣ አልተሸወደም። «ጭጋጉን አንሣው» አለው። ጭጋጉ ሲነሣ የሆነው ባይነሣ ይሻላል። ፊልሙ ወደቀ፣ ልጁም ዓመቱን እንዲደግም ተፈረደበት። አባዬ ግን ለምርቃቱ አዲስ ኮት አሰፍቶ ጨርሶ ነበር። የሰፋሁት እኔ ነኝ። የአባዬ የግራ ትከሻ ከቀኙ ዝቅ ስለሚል በግራ በኩል ውስጡን ጥጥ ጨምሬ አስተካክዬዋለሁ፤ ሲለብሰው ሁለቱ ትከሻ እኩል ይመስላል። ሱሪውንም ቢሆን የማስተካክለው እኔ ነኝ፤ የግራ እግሩ ጫፍ በውስጥ በኩል ሁልጊዜ ቀድሞ ይበላል፣ እኔም አጥፌ እሰፋዋለሁ። ለምን እንደሚበላ ጠይቄው አላውቅም። አባዬ የሚሄደው እንደ አባዬ ነው፤ በቤታችን ይህ ጥያቄ ሆኖ አያውቅም። የመውደቁን ወሬ ሲሰማ ኮቱን ራሱ ቁምሳጥን ውስጥ ሰቀለና «ኮት አይበላሽም፤ ይጠብቃል» አለ።

አርቲስቱ የወደቀው አርቲስት የማይገባው ሥርዓት ስላለ እንደሆነ ለሚሰማው ሁሉ አስረዳ። ዩኒቨርሲቲው ግን የመጨረሻ ቃሉን ሰጥቶታል። አንድ ሰው፣ ግልጽ መሬት ላይ፣ እግሩ እየታየ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚሄድበት ፊልም ያቀርባል። ካቃተው ያለ ዲግሪ ይሰናበታል። ያ ሁሉ ዓመት ለኳስና ለወንበር ቀረ ማለት ነው። አባዬ ደግሞ በመስመሩ ላይ ላለ ተሳፋሪ ሁሉ «ዘንድሮ ይመረቃል» ብሎ ጨርሷል።

በዚያ ሰሞን ነው አርቲስቱን ጓዳ ማየት የጀመርኩት። ጓዳ የእሱ አገር አይደለም፤ ሥራ አለበት። አባዬ ከሥራ በሚገባበት ሰዓት ስልኩን መስኮቱ ላይ በስኳር ጣሳ አስደግፎ ወደ ደጅ ያነጣጥራል።

«ደግሞ ምን ልትሆን ነው?» አልኩት።

«ሪፈረንስ ነው፤ አይገባሽም።»

ሲነግረኝ ግን ገባኝ፤ እንዲህ የሚያስፈራ ነገር አይደለም። በእነሱ ሙያ አንድን ነገር ከማንቀሳቀስህ በፊት ሕይወት ያለውን ሰው ቀርጸህ ትይዛለህ። ከዚያ ቪዲዮውን እያቆምክ፣ እያቆምክ፣ ጉልበቱ የት ነበር፣ ተረከዙ መቼ ተነሣ እያልክ ትሠራለህ። የተቀረጸው ሪፈረንስ ይባላል። የመንገዱን ሰው እየቀረጸ መስሎኝ ተውኩት። ከዚያ በኋላ በሩን ዘግቶ ተቀመጠ። ሲወጣ ፊቱ በርቷል። «መርፌ፣ በቃ፣ ሕያው ነው!» አለኝ። ብዙ ነገር ሕያው ሲል ስለሰማሁት ቁምነገር አላልኩትም።

የፈተናው ቀን ቤተሰብ ተጋበዘ። አባዬ ኮቱን አወጣ። አዳራሹ የተማሪና የቤተሰብ ነው፤ ፊት ለፊት ትልቅ ስክሪን፣ ከስክሪኑ ሥር ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ባለሻርፑና ከውጭ የመጣች አንዲት ፈታኝ ተቀምጠዋል። ሴትዮዋ የማስታወቂያ ፊልም የምትሠራ ናት አሉ፤ ፊቷ አይፈታም። እኛ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነን። እኔ መሃል፣ እናቴ በግራዬ፣ አባዬ በቀኜ በመተላለፊያው ዳር። ከወንድሜ በፊት የቀረቡትን አየን። አንዱ የሚያለቅስ ሮቦት አመጣ። አንዷ የሚያለቅስ ዛፍ አመጣች። በዚህ ትምህርት ቤት ዕንባ ማፍሰስ ከመራመድ እንደሚቀል ተረዳሁ።

የአርቲስቱ ተራ ደረሰ። መብራቱ ጠፋና ስክሪኑ ላይ ግልጽ፣ ደረቅ መንገድ ታየ። ሣር የለም፣ ጭጋግ የለም። ድንች የመሰለ ሽማግሌ ሰውዬ ፌስታል አንጠልጥሎ መጣ። አውቶቡስ ሊይዝ ነው። ሊደርስ ሲል አውቶቡሱ ይንቀሳቀሳል፤ ቀጣዩ ፌርማታ ላይ ይቆምና ሰውዬው ሊደርስ ሲል እንደገና ይሄዳል። ታሪኩ ይኸው ነው። ሳቁ ያለው ግን አረማመዱ ላይ ነበር። ሰውዬው የግራ አውራ ጣቱን ጭኑ ላይ ተክሏል። ትከሻው ዝቅ ይላል፣ የግራ እግሩ ወደ ውጭ ግማሽ ክብ ሠርቶ ይመጣል፣ ከመርገጡ በፊት አፉ እንደ ከረጢት ይሰበሰባል፣ ከዚያ እንደ ድንቢጥ ዘለል ይላል። ጣት፣ ትከሻ፣ እግር፣ አፍ፣ ዘለል። አዳራሹ ከመጀመሪያው እርምጃ ጀምሮ አስካካ። 

እናቴ እጄን ያዘች። ጥፍሯ ገባብኝ። ዘወር ብዬ ባያት ኖሮ አለቅስ ነበርና አላየኋትም።

አባዬ ነበር። ወንድሜ ከዓይኔ ፊት ድንች አድርጎት፣ ፌስታል አስይዞት፣ ሰው እንዲስቅበት መንገድ ለመንገድ እያስኬደው ነው። የአባቱ ቤት ሲዘረፍ አብሮ ይዘርፋል የሚሉት ሰው ይኖራል ብዬ አላምንም ነበር፤ ለካ አብሬው እየበላሁ ነው ያደግኩት። ሌላ ሰው አልነበረም? ባለሻርፑ አይሄድም? ራሱስ እግር የለውም? በሕይወቴ ማንንም እንደዚያች ሰዓት ንቄ አላውቅም።

ፈርቼ ወደ ቀኜ ዞርኩ። አባዬ እየሳቀ ነበር። ከሰው ሁሉ በላይ እየሳቀ ነበር። መሐረቡን አውጥቶ ዓይኑን ይጠርጋል። «ይሄ ሰውዬ እንዴት ነው የሚሄደው በማርያም!» ይላል። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስበት ደግሞ ከልቡ ይቆጣል። «ሹፌሩ መስታወት አያይም እንዴ? ሰውዬው እየመጣ! ቁምለት እንጂ!» ያኔ ገባኝ። ሰው የራሱን ፊት በመስታወት ያየዋል፤ ሲሄድ ከኋላ ራሱን ያየ ግን የለም። አባዬ አላወቀውም። እናቴ ጆሮዬ ሥር «ዝም በይ፣ በሞቴ ዝም በይ» አለችኝ።

መብራቱ በራ፣ ጭብጨባው ቀለጠ። አርቲስቱ ከኮምፒውተሩ አጠገብ ቆሞ እጅ ነሣ። እኛ ወደ ተቀመጥንበት አላየም። ጭብጨባው ሲበርድ ፈታኟ ማይኩን ሳበች።

«ግሩም ነው» አለች። «በጣም ግሩም ስለሆነ ነው የምጠይቅህ። ያለፈው ዓመት ሥራህን አሳይተውኛል። እግር አልነበረውም።»

ሰው ሳቀ።

«በአንድ ዓመት ከዚያ ወደዚህ እንዴት ተደረሰ? ዘንድሮ ሁለት ልጆች ከኢንተርኔት የተዘጋጀ አረማመድ አውርደው በራሳቸው አሻንጉሊት ላይ ጭነው ይዘናቸዋል። ደንቡን ታውቀዋለህ። ሪፈረንስህን ከፊልሙ ጎን ለጎን አድርገህ አሳየን።»

ባለሻርፑም ራሱን ነቀነቀ። ደንቡ ደንብ ነው፤ የተቀረጸውን ካላሳየህ ሥራው ያንተ አይደለም።

የአርቲስቱ እጅ ማውሱ ላይ ነው። ቪዲዮው እዚያው ኮምፒውተር ውስጥ እንዳለ ከፊቱ ታነባለህ። አንድ ጊዜ ከተጫነው አባዬ በጓዳችን መስኮት የተቀረጸ፣ የሥራ ልብሱን ለብሶ፣ ከዚያ ድንች ጎን ለጎን ሊሄድ ነው፤ ይህ ሁሉ ሰው እያየው። ካልተጫነው ዲግሪው ሄደ። እኔ ወንድሜን አውቀዋለሁ። ይጫነዋል አልኩ። ሣሩ አባዬ ነው፤ ዛሬም ሣሩ ውስጥ ይደበቃል አልኩ።

ያን ጊዜ ነው ወደ ሦስተኛው ረድፍ ያየው። አባዬ አውራ ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ «አይዞህ» አለው።

«የለኝም» አለ አርቲስቱ።

«እንዴት የለህም?»

«ጠፍቶብኛል። ስልኩ... ተበላሽቶ።»

«ማን ነው የተቀረጸው?»

«እኔ ነኝ። ራሴ ነኝ የሄድኩት።»

ሴትዮዋ እርሳሷን አስቀመጠች። «ጥሩ። እንግዲያው ሂድበት፤ እንይህ።»

አርቲስቱ ወደ መድረኩ መሃል ወጣና ሄደ። እግዜር ያሳያችሁ። ያን አረማመድ ለወራት እርምጃ በእርምጃ የቆጠረ ልጅ በራሱ እግር ሲሞክረው ጫማው ውስጥ ጠጠር የገባበት ዳክዬ ሆነ። ጣቱን ሲያስታውስ ትከሻውን ይረሳል፤ ትከሻው ሲመጣ እግሩ ይቀየራል። አንዴ ቀኝ ያነክሳል፣ አንዴ ግራ። አሁን ሰው የሚስቀው በእሱ ነው፤ ሳቁም የተለየ ሳቅ ነው። ጆሮው ቀላ። መዋሸት እንኳ በወጉ አይችልም። ያን ውሸት ግን፣ ምን ይደረግ፣ በሕይወቱ ከሠራው ሁሉ እሱን ብቻ ወደድኩለት።

ባለሻርፑ መነጽሩን አወለቀ። «ይቅርታ» አለ፤ «እንዲህ ከሆነ ልንቀበለው...»

«አንድ ጊዜ! አንድ ጊዜ ይቅርታ!»

አባዬ ቆሟል። እናቴ በእኔ ላይ ተሻግራ የኮቱን ጫፍ ያዘች፤ ሳይሰማው መነጨቃት።

«ጌቶቼ፣ ልጄ ዓይን አፋር ነው» አለ ጮክ ብሎ። «ከትንሽነቱ ጀምሮ ሰው ፊት አይሆንለትም። ቤት ውስጥ ቢያዩት ሌላ ነው። እኔ ግን ሰውዬውን አሁን አይቼዋለሁ፤ ይዤዋለሁ። ከፈቀዳችሁልኝ እኔ ሄጄ ላሳያችሁ።»

ፈቃድ የሰጠው አልነበረም፤ እሱም አልጠበቀም። ከረድፋችን ወጥቶ በመተላለፊያው ወደ መድረኩ ተነሣ። ግራ አውራ ጣቱን ጭኑ ላይ ተከለ። ትከሻው ዝቅ አለ፤ ያ የጨመርኩት ጥጥ ሁሉ ምንም አልፈየደም። እግሩ ግማሽ ክብ ሠርቶ መጣ። አፉ ተሰበሰበ። ዘለል አለ። ጣት፣ ትከሻ፣ እግር፣ አፍ፣ ዘለል። መጀመሪያ ከኋላ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ቀጥሎ ሳቁ እንደታነቀ ሰው ተቆረጠ። በዚያ መተላለፊያ የአባዬ ጫማ ብቻ ነበር የሚሰማው። ጆሮ ማዳመጫ ያንጠለጠሉት ልጆች ሁሉ አንገታቸውን ደፉ። መድረኩ አንድ ደረጃ ነበረው፤ ጉልበቱን ደግፎ ወጣው። ጠረጴዛው ፊት ደርሶ ኮቱን አስተካከለና ወደ ፈታኟ ዞረ።

«ልጀምር?» አላት።

ሴትዮዋ ወደ ስክሪኑ አየች፣ ወደ ወንድሜ አየች፣ ከዚያ ጠረጴዛዋን አየች።

«አይ... አባት» አለች። «ይበቃል። በሚገባ አሳይተውናል።»

«ገና ምኑን አሳየሁና!»

«በቂ ነው አባቴ፤ ይመኑኝ» አለች። «ልጅዎት አልፏል።»

አባዬ ደስ ብሎት፣ ግን ቅር ብሎት፣ በመጣበት ተመለሰ። በመጣበት አረማመድ። አንድም ሰው አልሳቀም። ሲቀመጥ እናቴን «አየሽ? አንዳንድ ጊዜ ልጅን መደገፍ ነው» አላት።

ወንድሜ ከክፍሉ ከፍተኛውን ውጤት አገኘ። ሰው ከብቦ ጨበጠው። ባለሻርፑ የአባዬን እጅ ለረጅም ጊዜ ይዞ ቆየና ወደ ወንድሜ ዞሮ «ማየት ማለት ይሄ ነው!» አለው። ያን ሻርፕ አንገቱ ላይ አንድ ዙር ልጨምርለት ፈለግኩ። አርቲስቱ ግን አልፎከረም። ወደ ቤት ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ከኋላ ብቻውን ተቀመጠ። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ምን ብዬ እንደምወጋው ጠፋኝ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ባለኝ። እሑድ ከሰዓት አክስታችን «እንኳን ደስ አላችሁ» ልትል መጣች። አባዬ ሳይቀመጥ ጀመረ። አዳራሹ እንዴት እንደነበር፣ ልጁ እንዴት እንደደነገጠ፣ እሱ እንዴት እንደተነሣ። ለሥራ ባልደረቦቹም ሳምንቱን ሙሉ ሲያወራው ሰንብቷል። ከዚያ «ቆይ ላሳይሽ» ብሎ ሳሎኑ መሃል የድንቹን ሰውዬ ሠራ። እግሩን እንደ ግንድ ገተረ፣ ወገቡን ጠመዘዘ፣ አፉን አጣመመ። ምንም አልመሰለም። አክስቴ ለይሉኝታ ሳቀች።

«እንጃ» አለ አባዬ እየተቀመጠ። «ያን ቀን እንዴት አድርጌ እንደሠራሁት እንጃ። ዛሬ አልመጣልኝም።» ወደ ወንድሜ ዞረ። «እስቲ አንተ አሳየኝ። እንዴት ነበር የሚሄደው?»

«ተወው አባዬ።»

«ሰውዬውን የሠራኸው አንተ አይደለህ? ተነሥ በል!»

እናቴ ብርጭቆ ሰብስባ ወደ ጓዳ ሸሸች። አርቲስቱ እኔን አየኝ። ሣር አልነበረኝም። ተነሣ። ከበሩ እስከ መስኮቱ ቀስ ብሎ ሄደ። ዛሬ ተሳካለት። ጣቱ ጭኑ ላይ፣ ትከሻው፣ እግሩ፣ የአፉ መሰብሰብ፣ ሁሉም በቦታው መጣ። ለብቻው ሲለማመድ እንደሰነበተ ገባኝ።

አባዬ አልሳቀም። ክርኑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ወደፊት ዘንበል ብሎ አየው።

«ድገመው» አለ።

ደገመው።

«ይሄ ሰውዬ እኮ የሚያስቅ አይደለም» አለ አባዬ። «አሁን ነው ያየሁት። የሚያመው ሰው ነው። የት ጋ እንደሚያመው ታውቃለህ?»

ወንድሜ ራሱን በአሉታ ነቀነቀ። ያን እግር እያቆመ፣ እያቆመ፣ ወራት ሙሉ ያየው ልጅ አያውቅም።

አባዬ መዳፉን ግራ ዳሌው ላይ አደረገ። «እዚህ ጋ ነው፣ አጥንቱ ውስጥ። ሲረግጥ ነው የሚወጋው። ለዚያ ነው ከመርገጡ በፊት አፉን የሚሰበስበው፤ እንዳይጮኽ ነው።»

«አንተ ደግሞ በምን አወቅክ?» አለችው አክስቴ።

«እኔንም እዚያው ጋ ያመኝ የለ እንዴ፤ ስንት ዓመቱ!» አለ አባዬ። «ግን ይመስገነው፣ እኔ ቀጥ ብዬ ነው የምሄደው።»

ከዚያ ሻይ ሊያስጨምር ብርጭቆውን ይዞ ተነሣና ወደ ጓዳ ሄደ። ወንድሜም እኔም መሬት መሬቱን አየን።